ሟቹ የሌለበት ለቅሶ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠዋት የሞተ ሰው ብዙ ጊዜ ማታ ሳይደርስ ይቀበር ነበር። ሬሳ የሚቆይበት ቦታ የለማ! ታዲያ አገው ምድር ላይ አንድ ሰው ዳንግላ በኩል ቢሞት፣ እንጅባራ ማዶ ያለው ዘመዱ እንዴት ይድረስለት? መርዶው በእግረኛ ነው የሚሄደው፤ ከደረሰም በኋላ በሽማግሌ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው። የሩቁ ሰው ሲመጣ አፈሩ ደርቋል።

ስለዚህ ቀብሩና ትልቁ ለቅሶ ተለያዩ። ቀብሩ ለካህናትና ለጎረቤት፣ ለቅሶው ቀን ተቆርጦለት ለአገር ሁሉ ሆነ። ግን ሜዳው ላይ የሚለቀስለት ሰው የለም። በሰሜኑ አገር ለጦረኛና ለባላባት ምትክ የሚሆነው ፈረሱ ነበር፦ ኮርቻው ተጭኖ፣ ጋሻው በጎኑ ተንጠልጥሎ፣ ለምዱ ጀርባው ላይ ተደርቦ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በልጓሙ እየተሳበ በአልቃሹ መሀል ያልፋል። ለፈረስ አገር ለአገው ምድር ይህ እንግዳ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚጋልበው የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው።

ፈረሱ ሲያልፍ ሙሾ አውራጇ ሥራ ትጀምራለች። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉ ሁሉ ጦረኛውን በፈረስ ስሙ ትጠራዋለች። እሷ ስንኝ ትጥላለች፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ለቅሶው ሲቀዘቅዝ አዲስ ለቅሶ ደራሽ ከሩቅ እየጮኸ ይገባል፤ ብልህ አውራጅ የመጪውንም የቀድሞ ሟች አንስታ ታስለቅሰዋለች። የሰው ኀዘን በሌላው ሰው ለቅሶ የሚወጣው እንዲህ ነው። ሴቶቹ ጸጉራቸውን ይላጫሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያስራሉ፣ ፊታቸውን ይነጫሉ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ስለ ሙት ሰውነትን መቁረጥ ቢከለክልም ንጨቱን የተወ አልነበረም።

ኀዘንተኛው ቤት እሳት አያነድም፤ ንፍሮውን ጎረቤት ያመጣል። የቤተሰቡ ወጪ የሚመጣው በ40ኛው ቀን ነው። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው፣ ድሃውም ዘመዱም ተዝካር ይበላል። ለዚህ ሲባል የእርሻ በሬ የሚታረድበት ቤት ጥቂት አልነበረም፤ እኔ በበኩሌ የልማዱ ክፉ ጎን ይሄ ይመስለኛል። ልጆቼ ይረሱኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው ግን አስቀድሞ የቁም ተዝካሩን ያወጣና ራሱ ጋባዥ ሆኖ ይቀመጣል።