«300» የተባለው ፊልምና የቴርሞፒሌ ጦርነት

እኛ ተማሪዎች ስለ ጥንት ግሪኮች ጦርነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው መጽሐፍ ሳይሆን «300» የተባለውን ፊልም ነው። ይህን ፊልም ዛክ ስናይደር አዘጋጅቶት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በየሲኒማ ቤቱ ታየ። የተወሰደውም ፍራንክ ሚለር በ1998 ዓ.ም. ካወጣው የሥዕል ታሪክ ነው። እኔም ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ከታሪኩ የሚለይበትን መግለጽ ይገባል።

ጦርነቱ በእውነት የተደረገ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት የፋርስ ንጉሥ ዜርክሲስ ግሪክን ሲወር፥ የስፓርታው ንጉሥ ሌዎኒዳስ በባሕርና በተራራ መካከል ባለው በቴርሞፒሌ ጠባብ መተላለፊያ ቆሞ ጠበቀው።

የግሪክ ወታደር በግራ እጁ የሚይዘው ትልቅ ክብ ጋሻ ራሱንና በስተግራው የቆመውን ጓደኛውን ይከልል ነበር። አንዱ ከሰልፉ ቢወጣ የጎረቤቱ ጎን ይገለጣል። ይህንን በፊልሙ ውስጥ ሌዎኒዳስ ራሱ ይናገራል፤ ዳሩ ግን ጀግኖቹ ጥሩር ሳይለብሱ፥ ደረታቸውን ገልጠው፥ ሰልፉን እየተዉ በየግላቸው ሲዘሉ እናያለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የቍጥሩ ነገር ነው። ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው፥ በመጨረሻው ቀን 700 የቴስፒያ ሰዎች አንሄድም ብለው በፈቃዳቸው ቀርተው ከስፓርታውያን ጋር ሞቱ። ፊልሙ ግን በመጨረሻ የሚያሳየን ስፓርታውያንን ብቻ ነው። በ1997 ዓ.ም. ለቴስፒያውያንም በስፍራው ሐውልት ቆሞላቸዋል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ፊልሙን ስታዩ እነዚያን 700 ጨምራችሁ ቍጠሩ።