ሴት ስትጫወት

በአዲስ አበባ ዓለም ባንክ ሰፈር ከትምህርት በኋላ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ያለ ሰው፣ ጆይስቲክ የጨበጡት በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸውን ያያል። ጨዋታዋን በኢንተርኔት በቀጥታ የምታሰራጭ ሴት ደግሞ ከጨዋታው ይልቅ ስለ ገላዋ የሚጻፍ ዘለፋ ይጠብቃታል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ትዊች በተባለው የጨዋታ ቀጥታ ማሰራጫ መድረክ ሐሰተኛ አካውንቶች በአንዴ እየጎረፉ የሴቶችንና የጥቁሮችን የቻት ሰሌዳ በስድብ አጥለቀለቁት። በሴፕቴምበር 1 ቀን ብዙ አሰራጮች ሥርጭታቸውን አቋርጠው ተቃወሙ። ትዊችም ሁለት ተጠርጣሪዎችን ከሰሰ።

በኢትዮጵያስ? ሴንተር ፎር ኢንፎርሜሽን ሬዚሊየንስ የተባለው ተቋም ጥናት በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በኤክስ በሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት እንደ ተራ ነገር መታየቱን ያሳያል። ያሳዝናል! አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጾታን መሠረት ያደረገ የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል፤ ተራ የሚመስለው የየዕለቱ ዘለፋ ግን ክስ ሆኖ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ስንቱ ነው?