በተከራይ የተተዉ ስማርት ቁልፎችና ካሜራዎች

በተከራይ የተተዉ ስማርት ቁልፎችና ካሜራዎች የሚባሉት ተከራይ በኖረበት ቤት ወይም ግቢ አስገጥሟቸው፣ ሲለቅ ሳያነሣቸው የቀሩ በስልክ የሚታዘዙ የበር ቁልፎችና የደህንነት ካሜራዎች ናቸው። ከሌላ የተረሳ ዕቃ የሚለዩት ሰውየው ከሄደ በኋላም ለእርሱ መታዘዛቸውን ሊቀጥሉ ስለሚችሉ ነው። የብረት ቁልፍ ከነቅጂው ከተመለሰ ነገሩ ያልቃል። የስማርት ቁልፍ መክፈቻ ግን በስልክ ውስጥ ያለ አካውንት፣ በጭንቅላት የተያዘ ቁጥር ወይም የጣት አሻራ ስለሆነ በእጅ ተቀብሎ ኪስ የሚከቱት ነገር አይደለም።

አሠራር

አብዛኞቹ የኢንተርኔት ካሜራዎች መጀመሪያ ሲገጠሙ በአንድ ሰው አካውንት ይመዘገባሉ። ምዝገባው የሚቀመጠው በካሜራው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአምራቹ ወይም በመተግበሪያው ድርጅት ሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ አከራዩ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ሲቀይር ካሜራው ከመስመር ይወጣል እንጂ ከቀድሞው ተከራይ አካውንት አይፋታም። በመርፌ ጫፍ የምትነካው የሪሴት ቁልፍም ሁልጊዜ አታድንም፤ በአንዳንድ ካሜራዎች ላይ የዋይፋዩን መረጃ ብቻ ትሰርዛለች፣ አዲሱ ሰው ሊያስመዘግበው ሲሞክር መሣሪያው የሌላ ሰው ነው የሚል መልእክት ይመጣል። እርግጠኛው መንገድ የሚለቀው ሰው ራሱ ከመተግበሪያው ላይ መሣሪያውን ማስወገዱ ነው። ይህን ለማድረግ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይፈጅበትም፤ ከሄደ በኋላ ግን እርሱን ማግኘት ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ሲም ካርድ የሚገባባቸው ካሜራዎች ደግሞ የቤቱን ዋይፋይ ጨርሶ አይፈልጉም። ራውተሩ ቢነቀልም ሲሙ ሒሳብ እስካለው ድረስ ምስል መላካቸውን ይቀጥላሉ፤ በተለይ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩት መብራት ቢጠፋም አይቆሙም።

ቁልፉ ጠባዩ ሌላ ነው። የመክፈቻ ቁጥሮችን፣ ካርዶችንና የጣት አሻራዎችን በራሱ ውስጥ ስለሚይዝ በሩን ለመክፈት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የሚሠራውም ብዙውን ጊዜ በተራ ባትሪ ድንጋይ ስለሆነ የመብራት መጥፋት አይነካውም።

በደሴ፣ በገራዶና በኮምቦልቻ

በደሴም ሆነ በአጠገቧ ባለችው ገራዶ፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞችና ዳርቻዎቻቸው፣ በአንድ ግቢ ብዙ ተከራዮች አብረው መኖራቸው የተለመደ ነው። የውጭ በሩ፣ የውሃ ቧንቧው፣ የልብስ ማስጫው የጋራ ነው። ከተከራዮቹ አንዱ ለራሱ ደጃፍ ብሎ የሰቀላት ካሜራ የሁሉንም መግቢያና መውጫ ልታይ ትችላለች። እርሱ ቤቱን ቢለቅም ጎረቤቶቹ አልለቀቁም፤ ጉዳዩ የአከራይና የተከራይ ብቻ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከደቡብ ወሎ ብዙ ሰዎች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ፤ ባለቤቱ በውጭ ሳለ ቤቱ በዘመድ ውክልና የሚከራይበት ጊዜም አለ። እንዲህ ባለ ቤት ርክክቡን የሚያደርገው ወኪል ካሜራው የተከራዩ ይሁን የባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። ባለቤቱ ራሱ ከሩቅ የሚያይበት ከሆነ ደግሞ አዲሱ ተከራይ ከመግባቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ካሜራው የሞተ ይመስላል፤ ነገር ግን ሜሞሪ ካርድ ካለው አሮጌውን በአዲስ እየተካ መቅረጹን ሊቀጥል ይችላል። ኢንተርኔቱ ሲመለስም ማንም ሳይነካው ከድሮው አካውንት ጋር እንደገና ይገናኛል።

ሕጉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ስማርት ቁልፍ አያውቅም፤ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ለዛሬም ይሠራል። በአንቀጽ 1132 መሠረት ሳይበላሽ ወይም ቤቱን ሳያበላሽ ሊነቀል የማይችል ነገር የቤቱ አካል ሆኖ ይቆጠራል። በብሎን የተያዘ ካሜራ በቀላሉ ስለሚፈታ እዚህ ውስጥ ለማስገባት ይከብዳል። በሩ ተቦርቡሮ የገባ ቁልፍ ግን ሊያከራክር ይችላል። የዚያው ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንና መሸጥን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ያረጋግጣል።

የቀድሞው ተከራይ ካሜራው የእኔ ነው ቢል እንኳ ሌላ ሰው የሚኖርበትን ቤት በእርሱ መመልከት መብቱ አይሆንም። በአንጻሩ አከራዩ ወይም አዲሱ ተከራይ የሰውየውን አካውንት ሰብሮ ቢገባ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ይመለከተዋል፤ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት እስራት የሚያስከትል ወንጀል ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉ አንዴ ከተጻፈ ካሜራውና ቁልፉ የማን እንደሆኑ፣ ሲለቀቅም ከአካውንት እንደሚነሡ አንድ መስመር መጨመር ወጪ የለውም።

በኒው ዮርክ ክርክሩ ከሌላው ወገን ተነሥቷል። እዚያ የአንድ ሕንፃ ተከራዮች አከራያቸው ያስገባውን በስልክ የሚከፈት ቁልፍ ተቃውመው ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ስምምነትም የብረት ቁልፍ የማግኘት መብት አገኙ።

አያያዝ

መሣሪያው ሲገኝ መጀመሪያ የሚደረገው ለቀድሞው ተከራይ ደውሎ ከመተግበሪያው እንዲያስወግደውና ዕቃውን እንዲወስድ መጠየቅ ነው። እስኪመጣ ካሜራውን ከመብራት መንቀል ወይም፣ ባትሪ ካለው፣ ዓይኑን በጨርቅ መሸፈን ይበቃል። ሜሞሪ ካርዱን ከፍቶ ማየት አይገባም፤ ካርዱ የእርሱ፣ ምስሉ ግን የጎረቤቶቹም ነው። ርክክቡ በምስክር ፊት ቢሆን በኋላ «ጎድሏል» የሚል ክርክር አይነሣም። ያልተከፈለ ኪራይ ቢኖር እንኳ ዕቃውን በራስ ሥልጣን መያዣ ማድረግ አንዱን ክርክር ሁለት ያደርገዋል።

ካሜራው መኝታ ክፍል ወይም መታጠቢያ ቤት ተደብቆ ከተገኘ ግን ምክሩ ይገለበጣል፦ ሪሴት ማድረግ ማስረጃውን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ በተገጠመበት ፎቶ ተነሥቶ፣ ከመብራት ተነቅሎ፣ ለፖሊስ ማሳወቅ ይሻላል።

ቁልፉን በተመለከተ የዋናው ተቆጣጣሪ ኮድ ተቀይሮ የቀድሞ ቁጥሮችና አሻራዎች በሙሉ መሰረዝ አለባቸው። ኮዱን የሚያውቅ ከጠፋ ቁልፉን አውልቆ በተራ ቁልፍ መተካት ርካሹ መፍትሔ ነው። ይህ ሁሉ በሩ ክፍት ሳለ ይሠራል፤ በሩ ተዘግቶ ባትሪው ከወጣ ውጭ መቅረት አለና። ባትሪው ላለቀበት ቁልፍ ብዙዎቹ አምራቾች ከውጭ በኩል የባለ 9 ቮልት ባትሪ ማስነኪያ ወይም የቻርጀር ቀዳዳ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በትንሽ ክዳን ሥር የተሸሸገ የብረት ቁልፍ ማስገቢያ አላቸው፤ የዚያ ቁልፍ ቅጂም በርክክቡ ጊዜ መጠየቅ አለበት።