ሐረጎን በ200 የሚያስወርደን ጌም፦ ጋራዡ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ምን ይሠራል?

ዛሬ ስለ ጌም ነው የምናወራው። ግን "ጊዜ ገዳይ ነው ተውት" ልንላችሁ አይደለም፤ አብሽሩ።

ደሴም ሆናችሁ ኮምቦልቻ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የማያውቅ ልጅ ጥቂት ነው። ኳሱ እንዳለ ሆኖ፣ አንዱ ጥግ ሁሌም የመኪና ነው። መኪና ትመርጣላችሁ፣ ቀለም ትቀይራላችሁ፣ ቸርኬ ታስገባላችሁ፣ ናይትሮ ትሞላላችሁ፣ ከዛ ማታ ከተማ ውስጥ መሮጥ ነው። ብዙዎቻችን ግን የጋራዡን ሜኑ የምናውቀው "ዋጋው ውድ የሆነው ይሻላል" በሚል ሒሳብ ብቻ ነው። ተርቦ ምንድነው? ናይትሮ ለምን ያስፈተልካል? ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ላይስ እነዚህ ነገሮች እውነት ይሠራሉ? በአንድ በአንድ እንያቸው።

ጌሙ ከየት መጣ?

"ኒድ ፎር ስፒድ" የጀመረው እ.አ.አ በ1994 ነው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል ነበር፤ በጣም ውድ የሆኑ የቅንጦት መኪኖችን ይዞ ገጠር መንገድ ላይ መሮጥ። በ2001 "ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ" የተባለው ፊልም ሲወጣ የወጣቱ ዓይን ወደ ሌላ ዞረ፤ ተራ የጃፓን መኪና ገዝቶ፣ ፈትቶ፣ አስውቦ፣ የሰፈር ንጉሥ ወደ መሆን።

ጌሙም ተከተለ። በ2003 "አንደርግራውንድ"፣ በ2004 "አንደርግራውንድ 2"፣ በ2005 "ሞስት ዋንትድ"፣ በ2006 ደግሞ "ካርቦን" ወጡ። አንደርግራውንድ ሁሌም ማታ ነው፤ ፖሊስ የለም። ሞስት ዋንትድ ላይ ቀን ሆነ፤ ፖሊስ መጣ፤ 15 ተፎካካሪዎችን አንድ በአንድ አሸንፋችሁ ሬዘር የወሰደባችሁን ቢኤምደብሊው ማስመለስ ሆነ ሥራው። ካርቦን ላይ ደሞ ውድድሩ ገደል አፋፍ ላይ ወጣ። ይቺን ካርቦን ያዙልን፤ ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንደርግራውንድ 2 ውስጥ ካሉት መኪኖች አንዷ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ያቺ የ80ዎቹ፣ ኤኢ86 የምትባለዋ። እኛ ሀገር "ዲኤክስ" እያልን ታክሲም የቤት መኪናም ያደረግናት ኮሮላ የቅርብ ዘመድ ናት። ጃፓን ውስጥ ወጣቶች ይቺን መኪና ይዘው በተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ሌሊት ሌሊት ይወርዱ ነበር። የድሪፍት ባህል ያደገው እዛ ነው። ከተማ ላይ፣ ተራራ ከሥሩ፣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ኮሮላ... ወሎዬ ሆኖ ይሄ የማይገባው አለ?

እኛ ጋ ለምን እንዲህ ተወደደ?

አንደኛው ምክንያት ቀላልነቱ ነው። ሞስት ዋንትድ 3 ጊጋ ገደማ ቦታና ደካማ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ኢንተርኔት አይጠይቅም። በፍላሽ ከልጅ ወደ ልጅ እየዞረ 20 ዓመት የኖረው ለዚህ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ስልክ ላይ የቀረው ጌም የትኛው እንደነበር አስታውሱ፦ ኢንተርኔት የማይፈልገው።

ሁለተኛው ምክንያት እውነተኛዋ መኪና ራሷ ናት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ አስታወቀ። ደሞዝተኛ ወጣት አሮጌ ቪትዝ መግዛት እንኳ ሕልም በሆነበት ጊዜ፣ ጌሙ ውስጥ በሦስት ውድድር መኪና ይገዛል። አይፈረድብንም።

ሦስተኛው፣ ማስዋብ ድሮም የኛ ነው። ፒያሳ ቆማችሁ የሚያልፉትን ባጃጆች እዩ። ስቲከሩ፣ መብራቱ፣ የወንበሩ ልብስ፣ መስታወቱ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ሙዚቃው። ሁለት ባጃጅ አንድ ዓይነት አታገኙም። አንደርግራውንድ 2 መኪናችሁ ባማረች ቁጥር ኮከብ ይሰጣችኋል፤ መጽሔት ሽፋን ላይ ያወጣችኋል። የኛ ባጃጅ ነጂ ደሞ ኮከቡን የሚያገኘው "እቺኛዋን ልጠብቅ" ከሚል ተሳፋሪ ነው።

የጋራዡ ሜኑ በኛ አፍ

የጌሙ ሜኑ በእንግሊዝኛ ነው፤ የኛ ጋራዥ ግን ጣልያንኛ ነው የሚያወራው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን ሁሉም ከጣልያን የመጡ ቃላት ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያዙት፦

1. ኤግዞስት ማለት ማርሚታ ነው። ሞተር የተቃጠለውን ጭስ ቶሎ ካላስወጣ አዲስ አየር አያስገባም። ሰፊ ማርሚታ ትንሽ ጉልበት ይጨምራል፤ ብዙ ድምፅ ይጨምራል።

2. ትራንስሚሽን ማለት ካምቢዮ ነው። ማርሹ "አጭር" ከተደረገ መኪናዋ ቶሎ ትነሳለች፣ ግን ቶሎ ትጨርሳለች። "ረጅም" ከተደረገ አነሳሷ ይከብዳል፣ ሜዳ ላይ ግን ትበራለች። ጠመዝማዛ ላይ አጭሩን፣ ቀጥታ ላይ ረጅሙን።

3. ሰስፔንሽን ማለት ሞላና ባሌስትራው ነው። መኪናዋን ዝቅ ስታደርጓት ኩርባ ላይ አትጋደልም። በእውነቱ ዓለም ግን ዝቅ ያለች መኪና በኮብልስቶንና በፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ሆዷ ይፋቃል።

4. ናይትሮ ነዳጅ አይደለም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ሲግል ተሰባብሮ ኦክስጅን ይለቃል። አየር ውስጥ ኦክስጅን ከአምስት አንድ እጅ ነው፤ ከዚህ ጋዝ የሚወጣው ግን ከሦስት አንድ እጅ። ኦክስጅን ሲበዛ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዛ ነው። ሞተሩ ለዚህ ካልተዘጋጀ ደሞ ፒስተኑን ይበላዋል። ጌሙ ይሄን አያሳያችሁም።

5. ተርቦ በሚወጣው ጭስ ኃይል የሚሽከረከር ፋን ነው፤ አየር ጨምቆ ወደ ሞተር ያስገባል። ይሄ ለደሴ ልጅ ለብቻው ርዕስ ይገባዋል።

ደሴ ላይ ሞተር ለምን ይደክመዋል?

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን በሩብ ስለሚቀንስ ጉልበቱም በዛው ልክ ይወርዳል። ወረቀት ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት መኪና ጦሳ ሥር ስትደርስ ወደ 75 ወርዳለች ማለት ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዛ ትንሽ ትተነፍሳለች።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ አሮጌ መኪና ሲያቃስት፣ ተርቦ ያለው ግን ሲያልፈው ያያችሁት ለዚህ ነው። ተርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ የጎደለውን ይሞላል። የኤሌክትሪክ መኪና ደሞ ጭራሽ አየር አይፈልግም፤ ደሴም ጅቡቲም ያው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። የወደፊቱ የጋራዥ ሥራ ከማርሚታ ይልቅ ባትሪና ሶፍትዌር ላይ ነው ብንላችሁ ግነት አይደለም። መካኒክ መሆን የምታስቡ ካላችሁ ከአሁኑ ያዙት።

አሁን ወደ ካርቦን እንመለስ

ካርቦን ላይ የገደል ውድድር አለ። ማታ፣ ጠመዝማዛ፣ ቁልቁል። ከኩርባው ካለፋችሁ አጥሩን ሰብራችሁ ትወድቃላችሁ፤ ውድድሩ ያልቃል፤ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ።

እኛ ጋ ሐረጎ አለ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ርቀት ውስጥ መንገዱ 650 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሒሳቡን ሠራንላችሁ። አንድ መኪና 650 ሜትር ወርዶ ፍሬንም፣ ሞተርም፣ ነፋስም፣ የጎማ ሰበቃም ባይዘው ኖሮ፣ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ይሆን ነበር። ያ ሁሉ ኃይል የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሹፌሩ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ የሚሄደው ወደ ፍሬኑ ነው፤ ሙቀት ሆኖ። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል። "ፍሬን እምቢ አለው" የምንለው አደጋ አንዱ መነሻው ይሄ ነው።

ለዚህ ነው የድሮ ሹፌሮች "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚሉት። ከባድ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛታል፤ ፍሬኑ ያርፋል። ጌሞቹ ግን በአብዛኛው ይሄን አያስቡም። ሞስት ዋንትድ ላይ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ብትረግጡ ፍሬናችሁ አይግልም። ጉም የለም፤ ከፊት የሚመጣ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ብትገጩ ተመልሳችሁ ትቆማላችሁ።

ሌላው የፍጥነት ሒሳብ ነው። በ40 ስትሄዱ አንድ ነገር ድንገት ቢገባባችሁ፣ ለማሰብ አንድ ሰከንድ ሰጥተን፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ወደ 20 ሜትር ያስፈልጋል። በ80 ከሆነ ግን 40 ሜትር አይደለም፤ ወደ 60 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ቁልቁለትና ዝናብ ሲጨመርበት ደሞ ከዚህም ይረዝማል። አንድ በግ፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ባጃጅ መሀል ላይ ቢገኝ ልዩነቱ ያ 40 ሜትር ነው።

ይሄን የምንለው ጌም ተጫዋች ሁሉ መንገድ ላይ ይሮጣል ብለን አይደለም። አሁን ግን ብዙዎቻችሁ መንጃ ፈቃድ የምታወጡበት፣ የጓደኛ ሞተር ሳይክል የምትነዱበት፣ ባጃጅ የምትይዙበት ዕድሜ ላይ ናችሁ። እጃችሁ ከጌሙ የተማረውን ያስታውሳል። ምን እንዳልተማረ ማወቅ ደግሞ የናንተ ድርሻ ነው።

ስልክ ላይ የምትጫወቱ ደሞ ይቺን ስሙ

"ኒድ ፎር ስፒድ ኖ ሊሚትስ" እ.አ.አ በ2015 ወጣ፤ "ካርኤክስ ስትሪት" በ2023 አንድሮይድ ላይ ደረሰ። ሁለቱም ማውረዱ ነፃ ነው። ታዲያ ገንዘቡን ከየት ያመጣሉ? ከትዕግሥታችሁ። ለምሳሌ ኖ ሊሚትስ ላይ ነዳጅ ያልቃል፤ ወይ ትጠብቃላችሁ፣ ወይ ትከፍላላችሁ። የመኪናዋ ዕቃ በቁርጥራጭ ነው የሚሰጠው፤ ወይ ደጋግማችሁ ትሮጣላችሁ፣ ወይ ትከፍላላችሁ። መጠበቁ ስህተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ይሄን ካወቃችሁ ነዳጅ ሲያልቅ ስልኩን አስቀምጣችሁ ትነሳላችሁ።

እና "ገንዘቡ የማያልቅ" እየተባለ በቴሌግራም የሚዞረውን የጌም ፋይል ተጠንቀቁ። ያንን የከፈተው ሰው ውስጡ ምን እንደጨመረ አታውቁም። ያው ስልክ ላይ ቴሌብር አለ፣ የባንክ አፕ አለ፣ የቤተሰብ ፎቶ አለ። አንድ የጌም ፋይል የኤስኤምኤስና የኮንታክት ፈቃድ ከጠየቃችሁ፣ መኪና ለመንዳት መልእክታችሁን ማንበብ ምን ያረግለታል? በቃ፣ ሰርዙት።

በመጨረሻም አንድ የቤት ሥራ። ዛሬ ማታ ጌማችሁን ስትከፍቱ ሞተር አትግዙ። ባላችሁ ገንዘብ ጎማና ፍሬን ብቻ አሻሽሉና ጠመዝማዛ ውድድር ግቡ። ጉልበቷ ከበዛች መኪና ጋር ተፎካከሩና ውጤቱን እዩት። ኩርባ ላይ የሚያሸንፈው ብዙ የሚሮጠው ሳይሆን መቼ መያዝ እንዳለበት የሚያውቀው መሆኑን ራሳችሁ ታያላችሁ። ሐረጎን በየቀኑ የሚመላለሱት ሹፌሮች ይሄን ያለ ጌም ያውቁታል።

እናንተ ከየትኛው ጀመራችሁ? አንደርግራውንድ፣ ሞስት ዋንትድ ወይስ ካርቦን? ኮመንት ላይ ጻፉልን። ባጃጅ ወይም መኪና ለሚነዳ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።