መዘውሩ 532 ዓመት ይዞራል

ትንሣኤ በ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 4፣ በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን ነው። በአንድ ዓመት ልዩነት በዓሉ 20 ቀን ይሸሻል። በመካነ ብርሃን ከተማ ዶሮ አሳድጎ ለፋሲካ ገበያ የሚያወጣ ሰው ቀኑን የሚያገኘው ግድግዳው ላይ ከሰቀለው ካላንደር ነው። ካላንደሩን ያሳተመውም ከሌላ ቦታ ነው ያገኘው። ምንጩ ጥቂት ቁጥሮች ያሉት፣ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሁሉ ሊያዞረው የሚችል መዘውር ነው፤ ባሕረ ሐሳብ።

ውስብስብ ነገርን ለማስረዳት የዘመኑ ጸሐፊዎች አንድ ዘዴ ይዘዋል። ለአንባቢው ገለጻ ብቻ ሰጥተው አይተዉትም፤ በኮምፒውተር ትንሽ ሞዴል ሠርተው ቁጥሩን ራሱ እየቀየረ የሚሆነውን እንዲያይ ያደርጉታል። የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፌት የተሰኘ ፕሮጀክት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ለአብነት ተማሪ ነገሩ ብርቅ አይሆንበትም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የበዓላትን ዝርዝር አይሸመድድም። የሚይዘው ማሽኑን ነው፤ ዓመት ያስገባበታል፣ በዓል ያወጣበታል።

2018ን እናስገባ። 5,500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7,518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትቶ 12 ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም 30ዎቹ ሲጣሉ፣ 12፤ ይህ አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም 30 ይሆናሉ፤ ካልሆኑ ቆጣሪው ተሳስቷል ማለት ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል። የዓመቱ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ ለእሑድ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር፣ ተውሳኩ፣ ደግሞ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ 25 ወጣ። መጥቅዕ በመስከረም ስለዋለ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ ከዚያ 14 ቀን ቆጥሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ 69 ቀን ቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 4።

አሁን አንድ ዓመት ብቻ እንጨምር። ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ይሆናል። 7 ከ14 ስለሚያንስ መጥቅዕ ከመስከረም ወደ ጥቅምት ይዘላል። ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፣ ተውሳኩ 8፤ መባጃ ሐመሩ 15፣ መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ነነዌ የካቲት 15፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24። የ20 ቀኑ ሽሽት የመጣው ከዚያች ዝላይ ነው፤ ዝላይዋን በእጁ ላዞረ ሰው ደግሞ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

11 እና 19 ከየት መጡ? ትውፊቱ ሱባኤ ከያዘው ከእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ከድሜጥሮስ ያደርሰናል። የሌሊቱ 23 ሱባኤ 161 ቀን ነው፣ በ30 ሲገደፍ 11፤ የቀኑ 7 ሱባኤ 49 ቀን ነው፣ ሲገደፍ 19። ሰማዩም በበኩሉ ይመሰክራል። 30 እና 29 እየተፈራረቁ 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ይሞላሉ፤ ፀሐይ 365 ስትቆጥር 11 ትተርፋለች። ይህ ትርፍ በ19 ዓመት 209 ይደርሳል። ባለ 30 ቀን 7 ወር ለመሙላት አንዲት ቀን ትጎድላለች፤ እሷም በዙሩ መጨረሻ ተጨምራ ሒሳቡ ይዘጋል።

የፀሐዩ ዙር 28 ዓመት ነው፤ 7 ዕለታት በ4 ወንጌላውያን። 19 በ28 ሲባዛ 532። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀናት እየተመላለሰ ቅደም ተከተሉን ሳያዛንፍ የሚደግመው በየ532 ዓመቱ ብቻ ነው። 532 ዓመት 194,313 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል 27,759 ሳምንት፣ ትራፊ የለውም። የአሁኑ ዙር 15ኛው ነው። የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ሲሆን 2018 የዙሩ 70ኛ ዓመት ነው፤ 462 ይቀሩታል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ 390 ዓመት ሆነ። ከተማዋ ቤተ መንግሥቷን፣ ነገሥታቷን፣ ሊቃውንቷን ሁሉ ይዛ አንድ ሙሉ ዙር አላየችም፤ 142 ዓመት ይጎድላታል።

መዘውሩ ወደ ታችም ይወርዳል። ቀን በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ዓመቱ 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ስለሆነ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። እስከዚህ ለሥራ ይበቃ ነበር፤ ሊቃውንቱ ግን አላቆሙም። ኬክሮስ 60 ካልዒት ነው፣ አንዱ 24 ሴኮንድ። ካልዒት 60 ሣልሲት፣ ሣልሲት 60 ራብዒት፣ ራብዒት 60 ኀምሲት፣ ኀምሲት 60 ሳድሲት። አንዲት ሳድሲት የሴኮንድ 540,000ኛ እጅ ናት። በአንዲት ሳድሲት ብርሃን የሚጓዘው 555 ሜትር ብቻ ነው፤ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ 4,533 ሜትር ከፍታ ያለው ራስ ደጀን ጫፍ እስኪደርስ ከ8 ሳድሲት ጥቂት ይበልጥ ይፈጅበታል። አንድ ቀን 46,656,000,000 ሳድሲት አለው። በየሴኮንዱ አንዲት ሳድሲት የሚቆጥር ሰው እንቅልፍም ምግብም ሳያቋርጠው የአንዲትን ቀን ለመጨረስ 1,478 ዓመት ያስፈልገዋል፤ በአክሱም ነገሥታት ዘመን የጀመረ ቆጣሪ ገና ዘንድሮ ማብቃቱ ነው። ይህ ሁሉ ሲከፋፈል ሴኮንድ የሚለካ ሰዓት በአገሩ አልነበረም።

ሞዴል ግን ሞዴል ነው። በ2018 ዓ.ም. በመዘውሩ ስሌት የፋሲካዋ ጨረቃ የምትሞላው መጋቢት 28 ሲሆን፣ በሰማይ የምትሞላው መጋቢት 24 ንጋት ላይ ነው። አራት ቀን! መካነ ብርሃን ላይ ደመና ከሌለ ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልግም፤ ከደጅ ወጥቶ ቀና ማለት ይበቃል። ምክንያቱ ትንሽ ነው። የ19 ዓመቱ ዙር ከእውነተኛዋ ጨረቃ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ እሷ ተጠራቅማ በ308 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሞላለች። ሲሙሌሽን የሚሠሩ ሰዎች ሞዴላቸው ምን እንደተወ አብረው ቢጽፉ መልካም ነው።

2481 ዓ.ም. ሲገባ ዓመተ ዓለሙ 7,981 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ሲተዉ ወንበሩ አልቦ፣ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30። መስከረም 30 ረቡዕ ነው፣ ተውሳኩ 4፤ 34 ከ30 ስለሚበልጥ ሲገደፍ ነነዌ ከጥር አልፎ የካቲት 4፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 13 ይውላል። በ1949ም ሚያዝያ 13 ነበር፣ በ1417ም እንዲሁ። የሰማይዋ ጨረቃ እስከዚያ ከመዘውሩ ተጨማሪ አንድ ቀን ተኩል ትቀድማለች።