ያሬድ ባየህና የተከላካይ ሂሳብ

ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በያውንዴው ኦሌምቤ ስታዲየም፣ ጨዋታው በተጀመረ በ12ኛው ደቂቃ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ የዋልያዎቹ፣ የመሀል ተከላካይ ያሬድ ባየህ ከሜዳ ወጣ። የኬፕ ቨርዱ አጥቂ ጁሊዮ ታቫሬስ ከበረኛው ጋር ብቻውን ሊገናኝ ሲል ጠልፎ ጥሎታል፤ ጉዳዩ በቫር ታየና ቀይ ካርድ ወጣ። ለኢትዮጵያ ከ2005ቱ የደቡብ አፍሪካ ውድድር ወዲህ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ ነበር።

ቢጫ አይበቃም ነበር? ሕጉ አራት ነገር ያስመዝናል፤ ጥፋቱ ከግቡ ያለው ርቀት፣ ጨዋታው የሚያመራበት አቅጣጫ፣ አጥቂው ኳሷን የመቆጣጠር ዕድሉ፣ የቀሩት ተከላካዮች ብዛትና አቋቋም። አራቱም ከገጠሙ ግልጽ የግብ ዕድል ተጨናግፏልና ካርዱ ቀይ ነው። የሚገርመው፣ ጥፋቱ ሳጥን ውስጥ ቢፈጸምና ተከላካዩ ኳሷን ለመጫወት ሞክሮ ቢሆን፣ ከ2008ቱ ማሻሻያ ወዲህ ፍጹም ቅጣት ምትና ቢጫ ካርድ ይበቃ ነበር። ከሳጥን ውጭ የጠለፈ ተከላካይ ከውስጥ ከጠለፈው የባሰ ሊቀጣ ይችላል ማለት ነው።

በ10 ሰው የቀሩት ዋልያዎች እስከ መጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ተቋቁመው ነበር፤ ያኔ ራሱ ታቫሬስ በጭንቅላቱ አገባ። ውጤቱም 1 ለ 0 እንደሆነ ቀረ። ያሬድ በቅጣት ባልተሰለፈበት ቀጣዩ ጨዋታ ዳዋ ሆቴሳ ቀድሞ ቢያስቆጥርም ካሜሩን 4 ለ 1 አሸነፈች።

ብዙ ተመልካች ያሬድን የሚያስታውሰው በዚያች ደቂቃ ነው። ፍርዱ ሚዛን የሚጎድለው ይመስላል፤ ሦስት ኳስ የሳተ አጥቂ በአራተኛው ይካሳል፣ ተከላካይ ግን ያዳነውን ማንም አይቆጥርለትም። በጎንደሩ ፋሲል ከነማ የያሬድን ዓመታት ያየ ሰው ሌላ ታሪክ ያውቃል። አፄዎቹ የሚባሉት ፋሲሎች በ2011 የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ በመጨረሻው የጨዋታ ዕለት ለመቀሌ 70 እንደርታ አስረከቡ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ግን ያሬድ በአምበልነት የመራው ቡድን በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪምየር ሊግ ዋንጫ አነሳ።

በዚያ ድል ፋሲል የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ተሳታፊ ሆነና መስከረም 2014 ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተገናኘ። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ሱዳን ላይ 1 ለ 1። ሳይሸነፍ ወጣ! ከሜዳ ውጭ የሚገባ ግብ በሚበልጥበት ሕግ፣ በባለሜዳነት የተቆጠሩበት ሁለት ግቦች ናቸው የጣሉት።

ያ 2 ለ 2 ጨዋታ የተካሄደበት የባሕር ዳር ስታዲየም ለጎጃም ሰው የቅርብ ሜዳው ነው። ዋልያዎቹ መጋቢት 15 ቀን 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፉትና ወደ ካሜሩን የሚወስደውን መንገድ የጠረጉት እዚያ ነው። ይሁንና ከ50 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ የተጀመረው ስታዲየም ሳያልቅ ኖረ፤ በ2014 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ከለከለው። ኅዳር 2 ቀን ኢትዮጵያ ጋናን “በሜዳዋ” ያስተናገደችው ጆሃንስበርግ ውስጥ ነበር።

ያሬድ በ2014 ክረምት ፊርማውን ለባሕር ዳር ከነማ አኖረ። የጎንደር አምበል የነበረ ተጫዋች ወደ ጣና ሞገዶቹ መሄዱ፣ ሁለቱ ክለቦች ካላቸው ፉክክር አንጻር፣ ቀላል ዝውውር አልነበረም። አዲሱ ክለቡ የ2015ን ውድድር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰና የኮንፌዴሬሽን ካፕ ተሳታፊ ሆነ።

የመጀመሪያው ተጋጣሚ የታንዛኒያው አዛም ነበር። ነሐሴ 2015 የባሕር ዳሩ ክለብ እንግዳውን የተቀበለው አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ ሲሆን 2 ለ 1 አሸነፈ። ዳር ኤስ ሰላም ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈና ነገሩ ወደ መለያ ምት ሄደ። የጣና ሞገዶቹ በመለያ ምቱ አለፉ፤ በቀጣዩ ዙር ግን የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን አስቀራቸው።