የቲሪየን አፍንጫ

በጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተከታታይ ልቦለድ ሁለተኛ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ቲሪየን ላኒስተር አፍንጫውን ያጣል። ለዋና ከተማይቱ በተደረገው ውጊያ ከራሱ ወገን የሆነ ባለሰይፍ ፊቱን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ወዲህ አንባቢ የሚያውቀው ቲሪየን አፍንጫው ተቆርጦ የቀረ፣ አንዱ ዓይኑ አረንጓዴ ሌላው ጥቁር የሆነ ድንክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ያንኑ ውጊያ በ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ተከታታይ ድራማ የተመለከተ ሰው ግን ያየው አንድ ጠባሳ ብቻ ነው። የተዋናዩ የፒተር ዲንክሌጅ አፍንጫ በቦታው አለ፤ ዓይኖቹም የራሱ ናቸው።

የተዋናይን አፍንጫ በየትዕይንቱ በኮምፒዩተር እያጠፉ ዓመታት መቀጠል ገንዘብ ይበላል፤ ከገንዘቡም ይልቅ ፊቱን ይበላል። ዲንክሌጅ ደግሞ የሚሠራው በፊቱ ነው። በዚህ ገጸ ባሕርይ አራት ጊዜ የኤሚ ሽልማት ተቀብሏል። የመጽሐፉ ቲሪየን መልከ ጥፉ ነው፣ የቴሌቪዥኑ መልከ መልካም። ሁለቱንም በሕይወት ያቆያቸው ምላሳቸው ነው፤ ምላሱ እስካልተነካ ድረስ ተመልካች አፍንጫውን ይቅር አለ።

ማርቲን ይህን ዓይነቱን ድርድር ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1980ዎቹ ሆሊውድ ውስጥ ለቴሌቪዥን ይጽፍ ነበር፤ የሚያቀርበው ጽሑፍ ረዝሟል፣ ወጪው አይቻልም እየተባለ ይመለስበት እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። በ1996 የታተመውን የተከታታዩን የመጀመሪያ መጽሐፍ የጻፈው ለበጀት ላለመገዛት ቆርጦ ነው፤ ሠራዊቱም፣ ግንቡም፣ ዘንዶውም የፈለገውን ያህል እንዲሆን። ድራማውን ያሠራው ኤችቢኦ መልሶ ወደ ቴሌቪዥን ያመጣው እንግዲህ ከቴሌቪዥን የሸሸውን መጽሐፍ ነው።

ከዘንዶው ይልቅ ያስቸገረው ግን የሰው ሐሳብ ነበር። የማርቲን ታሪክ በየምዕራፉ ከአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሆኖ ይተረካል፤ ያ ሰው ያላየውን አንባቢም አያይም፣ የሚፈራውን አብሮት ይፈራል። በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መቅድሙን ሳንቆጥር፣ ይህ ዕድል የተሰጣቸው ስምንት ሰዎች ናቸው። ንግሥት ሰርሲ ከስምንቱ አይደለችም። አንባቢ ልቧ ውስጥ የገባው በአራተኛው መጽሐፍ፣ በ2005 ነው። ካሜራ ደግሞ የማንም ልብ ውስጥ አይገባም፤ ውጭ ቆሞ ያያል።

ስለዚህ የድራማው ጸሐፊዎች ዴቪድ ቤኒዮፍና ዲ. ቢ. ዋይስ በመጽሐፉ የሌለ ነገር ጻፉ። በመጀመሪያው ሲዝን አምስተኛ ክፍል ንጉሥ ሮበርትና ሰርሲ ወይን ይዘው ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ስለ ጦርነት ይጀምሩና ወደ ሞተው ትዳራቸው ይሻገራሉ፤ መሐል ላይ አብረው ይስቃሉ፤ እሷም አንድ ጊዜ ስሜት እንደነበራት ትነግረዋለች። ጩኸት የለም፣ ሰይፍ የለም። ከዚያች ቀን በኋላ ሰርሲን እንደ ተራ ክፉ ሴት ማየት አስቸጋሪ ነው። በሁለተኛው ሲዝንም እንዲሁ፣ ማንነቷን የደበቀችው ትንሿ አርያ ለቤተሰቧ ጠላት ለታይዊን ላኒስተር ወይን ቀጂ ሆና ትቀርባለች። በመጽሐፉ ሁለቱ ቃል አይለዋወጡም። በቴሌቪዥኑ ግን የሽማግሌውን ብልጠትና የልጅቷን ድፍረት ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ትዕይንት ማግኘት ይከብዳል። መጽሐፉን የሚያፈቅር ሰው «ይሄ የለም» ብሎ ሊቆጣ ይችላል፤ የለም፣ ግን መጽሐፉ በሐሳብ የሚነግረንን በንግግር ያደረሰው እሱ ነው።

ዕድሜ ሌላው ጣጣ ነው። ልዕልት ዴኔሪስ በመጽሐፉ ስትዳር 13 ዓመቷ ነው፤ የአርያ ወንድሞች ሮብና ጆን ታሪኩ ሲጀምር 14። ይህን በልጆች መቅረጽ ሕግም ሕሊናም አይፈቅድም፤ ዴኔሪስን የተጫወተችው ኤሚሊያ ክላርክም ሆነች ሁለቱ ወጣት ተዋናዮች ሲቀረጹ ከ20 ዓመት በላይ ነበሩ። ለውጡ ያለ ዋጋ አልመጣም። የመጽሐፉ ሮብ ቆስሎ፣ ወንድሞቹ ሞቱ የሚል መርዶ ሰምቶ፣ ካስታመመችው ልጅ ጋር ያድራል፤ ክብሯን ለመጠበቅ ሲል ያገባታል፤ የጎረምሳ ስህተት ነው። የቴሌቪዥኑ ሮብ ሌላ ሴት ወድዶ፣ የገባውን የጋብቻ ቃል እያወቀ ያፈርሳል። ውጤቱ ያው እልቂት ቢሆንም የሚያሳዝነን ሰው ሌላ ሆኗል።

መልክ መቀየር ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ ሁልጊዜም ንጹሕ አይደለም። ኧርሱላ ለጉዊን በ1968 ባሳተመችው የኧርዝሲ ታሪክ ዋናው ጠንቋይ ጌድ ቀይ ዳማ ነው፤ የቅርብ ጓደኛው ጥቁር። ደራሲዋ ይህን ያደረገችው አስባበት ነው፤ የምናባዊ ልቦለድ ጀግና ሁሉ ለምን ነጭ ይሆናል ብላ። በ2004 የአሜሪካው ሳይፋይ ቻናል ታሪኩን ሲያቀርብ ጌድን ነጭ ተዋናይ ተጫወተው። ለጉዊን በዚያው ወር በጽሑፍ ተቃወመች። ጥፋቱም በቆዳ ቀለም አላበቃም። በኧርዝሲ የሰው እውነተኛ ስም ምስጢር ነው፤ ስሙን ያወቀ በባለስሙ ላይ ሥልጣን ያገኛል። የክርስትና ስሙን ለማያምነው ደብተራ የማይናገር ሰው ይህ አይጠፋውም። ድራማው ግን ምስጢሩን ስም የአደባባይ፣ የአደባባዩን ምስጢር አድርጎ ገለበጠው።

በ2022 የጀመረው «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን» ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። በማርቲን መጽሐፍ ነጭ የነበሩት የቬላሪየን ቤተሰብ ሰዎች በድራማው ጥቁሮች ሆኑ። በታሪኩ ውስጥ የልዕልት ሬኒራ ልጆች ከቬላሪየኑ ባሏ አይደሉም የሚል ሐሜት አለ፤ መጽሐፉ ይህን በጸጉርና በዓይን ቀለም ያስረዳል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ማንም አፉን ሳይከፍት ይታያል። ንግሥት አሊሰንትም በመጽሐፉ ከሬኒራ በዕድሜ ብዙ ትበልጣለች፤ ድራማው እኩያና የልጅነት ጓደኛ አደረጋቸው። የመጽሐፉ ተራኪ እርስ በርስ የሚጋጩ ምንጮችን የሚያመሳክር የታሪክ ጸሐፊ ስለሆነ ለዚህ በቂ ቦታ ነበረ። በእኔ ግምት የኧርዝሲው ለውጥ ታሪኩን ሲያደኸየው ይሄኛው አበልጽጎታል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ወደ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ስንመለስ፣ ድራማው መጻሕፍቱን ቀድሞ ሄደ። አምስተኛው መጽሐፍ በ2011 ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ጸሐፊዎቹ በዋናነት በራሳቸው ተጓዙት። በየሲዝኑ አሥር የነበሩት ክፍሎችም በመጨረሻዎቹ ሁለት ወደ ሰባትና ስድስት ወረዱ። በግንቦት 2019 ዴኔሪስ እጇን የሰጠችን ከተማ በዘንዶ ስታቃጥል ብዙ ተመልካች አላመናትም። ድርጊቱ ከባሕርይዋ ስለራቀ አይመስለኝም፤ ጨካኝነቷ ከመጀመሪያው ይታይ ነበር። የጎደለው እንደ ሮበርትና ሰርሲ ያለ፣ ቁጭ ብሎ ልቧን የሚያወጣ ትዕይንት ነው፤ ለእሱ ጊዜ አልተሰጠም። በዚያች ሰዓት ዴኔሪስ ምን እንዳሰበች ሊነግረን የሚችለው ማርቲን ብቻ ነው፤ የሚጠበቀው ስድስተኛ መጽሐፉ ግን እስካሁን አልታተመም።